ለሁለት ሰው ብቻ

ሶፋ ሠሪውን በሕይወቱ ብዙ ነገር ግራ አጋብቶታል፤ እንደዚያች ስልኩ ላይ እንደተጫነች አፕ ግን ግራ ያጋባው የለም። የጫነችለት ልጁ ናት። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ፣ በአንድ እጁ ሻንጣ፣ በሌላው የእናቱን ተሽከርካሪ ወንበር ይዞ ሳለ፣ ስልኩን ከኪሱ መዘዘችና ነካካችው።

"አባዬ፣ በሰው አገር ምግብ እሳት ነው። በዚች ካልበላችሁ የአያቴ መታከሚያ በሆድ ያልቃል። ምግብ ቤት ትመርጣለህ፣ ሂሳቡ ሳይዘጋ ለአስተናጋጁ ታሳየዋለህ፣ በግማሽ ዋጋ ትበላለህ። ግን ልብ በል፤ የሚሠራው ለሁለት ሰው ብቻ ነው። አክስቴ አብራህ ካልተቀመጠች ቅናሽ የለም።"

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አክስት የተባለችው የሶፋ ሠሪው ታናሽ እህት፣ ከእሱ ጋር ከተኮራረፈች ዓመታት አልፈዋል። እናታቸው ዳሌዋን ልትታከም ባይሆን ኖሮ ሁለቱ አንድ አውሮፕላን ውስጥ ባልገቡም ነበር። እዚያም ቢሆን እናትየዋን መሃል አስቀምጠው ነው የተጓዙት። እህቱ የምትለው ነገር ካላት "እማዬ፣ ለልጅሽ መስኮቱን ዝጋ በይው" ትላለች፤ እሱም "ለልጅሽ ዘግቻለሁ በያት" ይላል። ምስኪን እናት አውሮፕላኑ እስኪያርፍ ድረስ አስተርጓሚ ሆና ደከማት።

የኩርፊያው ነገር እንዲህ ነው። አባታቸው የሞተ ጊዜ እህቱ ሌላ ከተማ አስተማሪ ነበረች፣ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗን እየጠበቀች። ሶፋ ሠሪው የቤቱ ታላቅ ነውና ቤተ ዘመዱን ሰብስቦ "ማንም ትንፍሽ እንዳይል! አንደበታችሁን ያዙ፤ ጊዜው እስኪደርስ ነው" አለ። እሷ ስትደውል "አባዬስ?" ትላለች፤ እሱ "ተኝቷል" ይላል። ወለደች። ከአራስ ቤት እንደወጣች ሕፃኑን ጠቅልላ ለአባቷ ልታሳይ መጣች፤ ያገኘችው ግን ጥቁር የለበሰች እናትና ባዶ ወንበር ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ "ጋሼ" ብላው አታውቅም። እሱ ለእሷ ብሎ እንዳደረገው እርግጠኛ ነበር፤ ሰው ለራሱ ተብሎ በተደረገ ነገር እንዴት እንዲህ እንደሚቆጣ ነው ሊገባው ያልቻለው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳይሞት፣ ያችን "ጋሼ" ደግሞ መስማት ይፈልጋል። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

ሆስፒታሉ ለአስታማሚ ምግብ አይሰጥም። የመጀመሪያው ቀን ምሳ ሲደርስ ሶፋ ሠሪው ጉሮሮውን ጠረገ። "እማዬ፣ ለልጅሽ ንገሪያት፤ ቅናሹ ለሁለት ሰው ብቻ ነው ተብሏል።"

"ሰማሽ?" አለች እናት።

"ሰምቻለሁ በይው" አለች እህት፤ ሻርፗን ጠምጥማ ቀድማው ወጣች።

ምግብ ቤቱ መስታወት በመስታወት ነው። በሥዕል እያሳዩ አዘዙ። ሶፋ ሠሪው የሚያወራው ቢያጣ ወንበሩን ከታች ዳሰሰና "ይሄ ስፖንጅ ዓመት አይደፍንም" አለ ለራሱ። የእህቱ የከንፈር ጫፍ ነቅነቅ ያለች መሰለው፤ ግን እርግጠኛ አልነበረም።

የበላው ሳይወርድ የአገሩ ዓመል መጣበት። በእነሱ ዘንድ ቁጭ ብሎ ሂሳብ እስኪመጣ መጠበቅ ነውር ነው፤ ሰው የሚባል ሰው "እጄን ልታጠብ" ብሎ ይነሳና ተደብቆ ይከፍላል። ተነሳ፤ ካሸሯ ዘንድ ሄዶ ገንዘቡን ዘረገፈ። ሂሳቡ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ስልኩን ቢያሳያት ራሷን ነቀነቀች፤ አፕዋም ስልኩ ላይ ቀይ አበራች። ሙሉ ዋጋ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእሱ ነው። በማግስቱም እግሩ ራሱ ወደ ካሸሯ ወሰደው፤ ሲደርስ እህቱ በሌላ በኩል ዞራ ቦርሳዋን ከፍታ ቆማለች። ሁለቱም እየተሽቀዳደሙ ለካሸሯ ገንዘብ አስጨበጡ። ልጅቷ ግራ ገብቷት ከሁለቱም ግማሽ ግማሽ ተቀበለች፤ ቅናሹ እንደገና ውሃ በላው።

ከዚያ ወዲህ በዓይን እየተጠባበቁ መብላት ጀመሩ፤ አንዱ ወንበሩን ሲገፋ ሌላው ይነሳል፣ ሁለቱም ይቀመጣሉ። ቅናሹ ሠራ። ሌላም ነገር መጣ። ምግብ ቤት ውስጥ እናት የለችም፤ ስለዚህ እህቱ መልእክቷን በአስተናጋጁ በኩል መላክ ጀመረች። አስተናጋጁ ከአማርኛ አንዲት ቃል አያውቅም።

"ለሰውዬው ቀስ ብሎ ይብላ በለው፤ ያንቀዋል" ትለዋለች።

አስተናጋጁ ፈገግ ብሎ ውሃ ያመጣል። ሶፋ ሠሪው ቀስ ብሎ ይበላል። ይህ እርቅ ይሁን ቁጣ ሊለይ አልቻለም።

እናትየዋ በምርኩዝ መራመድ የጀመረች ቀን እህቱ አብሬያት እቆያለሁ አለች፤ ሶፋ ሠሪው ብቻውን ሄደ። ሙሉውን ሊከፍል ቆርጦ ነበር፤ ለልማድ ያህል ስልኩን ቢያሳይ አረንጓዴ በራና ግማሹ ተቀነሰ።

ደነገጠ። ሰው አታለልኩ ብሎ አንድ ጣቱን አወጣ፤ "አንድ ነኝ! ብቻዬን ነኝ!" እያለ ፊት ለፊቱ ያለውን ባዶ ወንበር ጠቆመ። አስተናጋጁ አለቃውን ጠራ። አለቃው ወንበሩን አየ፣ እሱን አየ፣ ይቅርታ የመሰለ ነገር ተናገረና ወንበሩን ወስዶ ሌላ ወንበር አመጣ። ሶፋ ሠሪው አዲሱን ወንበር እያየ ለልጁ ደወለ።

"ስሚ፣ ይቺ አፕሽ አብዳለች። ብቻዬን ሆኜ ቀነሰችልኝ።"

"አባዬ... ለአንድ ሰውም ይሠራል። ድሮም ይሠራል።"

"ታዲያ ለምን ዋሸሽኝ?"

"አክስቴ ናት እንዲህ በይው ያለችኝ። 'አብሬው ልብላ ብል አፌ እሺ አይለኝም፤ ምክንያት ፈልጊልኝ' አለች።"

ምግቡ በረደ። ስትሸሸው የኖረች መስሎት ነበር፤ ለካ መንገድ ስትፈልግ ነው የኖረችው። ደስ ይበለው ይፈር አላወቀም። ሁለቱም አንድ ላይ መጡበት።

በማግስቱ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሌሊቱን ያዘጋጀው ንግግር ከአእምሮው ብን ብሎ ጠፋ።

"አፑ ለአንድ ሰውም ይሠራል አሉ" አለ።

እህቱ ሹካዋን አስቀመጠች። አስተናጋጁ ሩቅ ነበር። "አውቃለሁ" አለችው፤ ለእሱ፣ ዓይኑን እያየች።

"ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ?"

"ጊዜው እስኪደርስ ነው።"

ቃሉ የራሱ ነው። ያን ጊዜ በሰበሰበው ዘመድ ፊት የተናገረው፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ።

"እማዬም ታውቃለች?"

"ሁሉም ያውቃል። ያላወቅከው አንተ ብቻ ነህ።"

እናቱ አልጋዋ ላይ ሆና ሲወጡ በስተኋላቸው እያየች ስትስቅ ታየው። ልጁም እንደዚሁ። ሁሉም ለእሱ ብለው ነው፤ ቢሆንም ከፋው። ለአፕ እንዲህ ከከፋው ለአባትማ እንዴት ይሆናል?

"በየቀኑ እደውል ነበር" አለች። "ተኝቷል ትለኛለህ። ሲነሳ ሰላም በልልኝ እልህ ነበር። ለማን ነበር የምልከው?"

"ብዬልሻለሁ" አለ ሶፋ ሠሪው።

"ምን?"

"እየሄድኩ እለው ነበር። መቃብሩ ላይ ቆሜ 'ሰላም ብላሃለች' እለዋለሁ። የወለድሽ ዕለትም ሄጄ 'ወንድ ነው' አልኩት። ዝናብ ነበር።" መሐረቡን ፈለገ፣ አጣው። "በድዬሻለሁ እቴ። አባትሽን እንድትቀብሪ ማድረግ ነበረብኝ።"

እህቱ በሻርፗ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። አስተናጋጁ መጥቶ አየና ምግቡ ያልጣፈጣቸው መስሎት ሜኑውን ደግሞ አመጣ። ቀና ስትል ዓይኗ ቀልቷል። ብድግ አለች።

"እጄን ልታጠብ" አለች።

ወዴት እንደምትሄድ ያውቃል። ወንበሩን ገፋ ሊያደርግ ብሎ ተወው፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፍቶ ጠበቃት። ቦርሳዋን እየዘጋች ተመለሰች።

"ከፍያለሁ" አለች።

"ቅናሹስ?"

"ተወው ጋሼ። ብላ፣ በረደ።"