የኡሴቢያ ወጋግራ

መጀመሪያ የተሰማው ድምፁ ነው። ጧ! ከዚያ ዝምታ። ጧ! እንደገና ዝምታ።

ማርሳሊ ማካይ የቅቤ መናጫውን እጀታ እንደጨበጠች ደርቃ ቀረች። ከበሩ ውጭ ያለው ሜዳ ብቻ ነው፤ ሣርና ሰማይ፣ ሰማይና ሣር። በዚያ የደቡብ አሜሪካ የፓምፓ ምድር ዛፍ የሚባል ነገር የለም። ሰው ምድጃውን የሚያነደው በኩበትና በደረቀ ኮሸሽላ ነው። ዛፍ በሌለበት አገር ደግሞ መጥረቢያ የሚጮኸው በአንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ በሰው ቤት ላይ።

«አናጢዎቹ ይሆናሉ እማማ፣» አለች ምራቷ ግሪዝል፣ ከሊጡ ላይ ቀና ሳትል። «የቤተ ክርስቲያኑን በር እያበጁ ነው መሰል።»

«ቤተ ክርስቲያኑ በሰሜን ነው። ይህ የሚመጣው ከደቡብ ነው።»

ግሪዝል ሊጡን ከሚገባው በላይ አሸችው። ጆሮዋ ቀላ።

«ታውቂ ኖሯል፣» አለች ማርሳሊ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ልጅዎ ሙርዶ የሚያደርገውን ሁሉ ለኔ ይነግረኛል እንዴ?»

«ይነግርሻል እንጂ! ከኔ ነው የሚደብቀው።»

በደቡብ በኩል ያለው ቤት አንድ ነው፤ የጥንት ወዳጇ የኡሴቢያ ቤት። ማርሳሊ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ወጣች። ዕድሜዋ ስድሳን የዘለቀ ሴት ናት፤ ጉልበቷ ዳገት አይወድም። ምስጋና ይግባውና ያ አገር ዳገት የለውም። ስትሄድ ድምፁ አብሯት ሄደ፤ ጧ፣ ጧ። በእያንዳንዱ ምት ዕድሜዋ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ በመንገዷ ካለችው ወንዝ ስትደርስ የሰባት ዓመት ልጅ ሆና ነበር።

የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች በስኮትላንድ፣ በሰዘርላንድ ሸለቆ፣ ይህንኑ ድምፅ ሰምታለች። ባለመሬቱ ከሰው ይልቅ በግ ይሻለኛል ብሎ ሰዎቹን ላከ። ጣራ ላይ ወጥተው ወጋግራውን ቆረጡ፤ ተመልሰው እንዳይሠሩት ደግሞ እንጨቱን ከምረው አቃጠሉት። የእናቷ ገንፎ ምድጃው ላይ እንደተጣደ ቀረ። አያቷን ብርድ ልብስ አልብሰው ዝናብ ላይ አስቀመጧቸው፤ ሳምንቱን አልጨረሱም። የማካዮች ስደት ከዚያ ይጀምራል። መርከቡ፣ ባሕሩ፣ ይህ ማለቂያ የሌለው ሣር፣ አሁን ሜዳውን እንደ ደመና የሸፈነው የሙርዶ በግ፣ ሁሉም የዚያ መጥረቢያ ልጅ ነው።

ሙርዶ ይህን ታሪክ ያውቃል። ማወቅ ብቻ! በየአዲስ ዓመቱ ዋዜማ ቤተሰቡን ሰብስቦ የሚያወራው እሱ ነው። አላየውም፤ ግን ሲያወራው ካየችው ከእናቱ ይበልጣል። ገንፎው ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ አያትየው ጋ ሲደርስ ሴቱ ሁሉ መሐረብ ያወጣል።

ደረሰች። የኡሴቢያ ጣራ መሬት ላይ ወርዷል። የጭቃው ግድግዳ ጥርሱ የረገፈ አፍ መስሎ ወደ ሰማይ ተከፍቶ ቀርቷል። ሙርዶ ግድግዳው ላይ ተንፈራጥጦ፣ ወጋግራውን የያዘውን ጠፍር በመጥረቢያ ይመታል፤ ጠፍሩ ከዓመታት ብዛት ብረት ሆኗል። ከታች ሠራተኛው ኒካኖር የበሬዎቹን ገመድ ይዞ ይጠብቃል። ቶማሳ፣ የኡሴቢያ ልጅ፣ ዕቃ ጋሪ ላይ ትጭናለች። ሙርዶንና እሷን ያጠባቸው አንድ ጡት ነው፤ ቀና ብላ አላየችውም።

ኡሴቢያ ራሷ የበሬ ራስ ቅል ላይ ተቀምጣ፣ ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻይዋን ከቅሏ በመምጠጫ ትስባለች፤ የሌላ ሰው ቤት ሲፈርስ የምታይ ነው የምትመስለው።

«አበልጄ፣ ደህና መጣሽ፣» አለች ሳትነሳ። «አረፍ በይ። ጣራ ባይኖር መቀመጫ አለ።»

ማርሳሊ አልተቀመጠችም። ቀና ብላ ወደ ልጇ ጮኸች።

«ውረድ!»

«እማዬ፣ ማን ነው እዚህ ያመጣሽ? ተመለሽ ወደ ቤት።»

«ውረድ አልኩህ! ወይስ እኔ ልውጣ?»

«ጌታዬ፣ ይወጣሉ እኮ፣» አለ ኒካኖር ሳቁን እየዋጠ።

ሙርዶ ወረደ። ጢሙ መሸበት የጀመረ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው፤ እናቱ ፊት ሲቆም ግን እጁን የት እንደሚያደርግ አያውቅም።

«ወሰኑን በሽቦ ማጠር አለብኝ፣» አለ። «በግ እንዲህ ክፍት ሜዳ ላይ አይሆንም። ከበጋ ጀምሮ ነግሬያቸዋለሁ። ጋሪ ሰጥቻለሁ፣ በሬ ሰጥቻለሁ። ማንንም በእጄ አልነካሁም።»

«መሬቱ የማን ነው?»

«የኛ ነዋ! ወረቀት አለን።»

«እነዚያም ወረቀት ነበራቸው።»

የሙርዶ ፊት ተለወጠ። «እኔን ከነዚያ ጋር እንዳታመሳስዪኝ! እነሱ አቃጠሉ። እኔ ክብሪት ጭሬአለሁ? አንዲት ገለባ አቃጥያለሁ?»

«ያላቃጠልከው እንጨቱ ስለሚያስፈልግህ ነው!»

«ለራሴ መሰለሽ? ለእግዚአብሔር ቤት ነው! ግድግዳው ቆሞ ጣራ የሚሸከም እንጨት አጣን። ዕድሜሽን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ ክርስቲያን ስትዪ የኖርሽው አንቺ አይደለሽም? ይኸው፣ እሁድ ይመረቃል።»

«የክርስትና ልጄ ስጦታ ያውቅበታል፣» አለች ኡሴቢያ ወደ ቅሏ። «ለአምላኩ የሚሰጠውን ከሰው አናት ላይ ነቅሎ ነው።»

«እኔ የማንም የክርስትና ልጅ አይደለሁም!»

«ስትወለድ ጠቁረህ፣ ትንፋሽ አጥሮህ ነበር። ሳትጠመቅ እንዳትሞት ብዬ ውሃ ያፈሰስኩብህ እኔ ነኝ፣ እናትህ ሳታይ። የናንተ ሃይማኖት ያንን አይወድማ! አይታኝ ቢሆን በድስት ትፈነክተኝ ነበር።»

«አይቼሻለሁ፣» አለች ማርሳሊ። «ዝም አልኩ እንጂ።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ኡሴቢያ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

ያ የመጀመሪያው ክረምት ነበር። ማርሳሊና ባሏ አንገስ በጥቂት በጎች ወደዚህ ሜዳ ሲመጡ፣ የቆፈሩት ጉድጓድ ቤት በዝናብ ተደረመሰባቸው። እርጉዝ ነበረች። በሯን የከፈተችላቸው ኡሴቢያ ናት። አባቷ ያን ወጋግራ ከባሕሩ ዳር፣ ከተሰበረ መርከብ ላይ፣ በበሬ ጎትቶ ያመጣው ነው፤ የሸራ ምሰሶ የነበረ፣ በዝፍት የጠቆረ፣ የብረት ቀለበት ጎኑ ላይ የተመታበት። ሙርዶ የተወለደው ከሥሩ ነው። ማርሳሊ በትኩሳት ወተቷ ሲደርቅ ያጠባችው ኡሴቢያ ናት። አልጋውም በአገሩ ወግ የጥጃ ቆዳ ነበር፤ በጠፍር ከዚያ ቀለበት ላይ ተንጠልጥሎ፣ ነፋስ ሲገባ ራሱ ይወዘውዘው ነበር።

ኋላ ሙርዶ አድጎ መሬቱን በወረቀት ሲገዛ፣ ማርሳሊ ወደዚህ ቤት መጥታ፣ እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ፣ «እኔ በሕይወት እያለሁ ይህን ጣራ የሚነካ እጅ የለም» ብላ ምላለች።

«መልሰው፣» አለችው አሁን ሙርዶን። «ሰቅለህ መልሰው። ሣሩን እኔ ራሴ እከድናለሁ።»

«እማዬ፣ አንዴ ወርዷል…»

«ጡት ነካሽ! የበላበትን ወጭት ሰባሪ! የተወዘወዝክበትን እንጨት? የተወዘወዝክበትን!»

«ሰው ይሰማል…»

«ይስማ! ሜዳው ሁሉ ይስማ! እስከ እሁድ ካልመለስከው…»

«ካልመለስኩትስ?»

ማርሳሊ አፏን ከፈተች። የምትጨርሰው ነገር አልነበራትም። ይህ ከሁሉ በላይ አቃጠላት። ሙርዶም ይህን አየ፤ ሕፃን በሚያባብሉበት ድምፅ «እሺ፣ አስብበታለሁ» አላትና መጥረቢያውን አነሳ።

ኡሴቢያ ማቴዋን ጨርሳ ተነሳች፤ የተቀመጠችበትን ራስ ቅል ጋሪው ላይ ወረወረችው።

«ወዴት ልትሄጂ ነው?» አለቻት ማርሳሊ።

«ወደ ደቡብ። ሽቦ ወዳልደረሰበት።» ጋሪው ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ከዚያ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ምለሽልኝ ነበር፣» አለች።

«ምያለሁ።»

ጋሪው ሄደ። መንኮራኩሩ ያስተኛው ሣር በሜዳው ላይ ሁለት መስመር ሆኖ ቀረ።

እስከ እሁድ ማርሳሊ ከልጇ ጋር አልበላችም። እሱ ሲገባ ትወጣለች፤ ሲወጣ ትገባለች። ምግብ ስታቀርብላት ግሪዝል አንድ ጊዜ ሞከረች።

«እማማ፣ ልጅ አይደል? ይሳሳታል።»

«ጢሙ የሸበተ ልጅ!»

«ለቤቱ ብሎ ነው እኮ። ለኛ።»

«እኛን ያባረረውም ለቤቱ ብሎ ነው። ሁሉም ለቤቱ ብሎ ነው!»

ግን እናት ናት። ‹አስብበታለሁ› ያላትን ቃል ጥላ አልጣለችውም። ቅዳሜ ሙርዶ በሬዎቹን ጠምዶ ሲወጣ ወጋግራውን ሊመልስ ይሆናል ብላ ተስፋ አደረገች፤ በየት በኩል እንደሄደ ለማየት ግን ወደ በሩ አልወጣችም። ፈራች።

እሁድ ከነሱ ጋር በጋሪ አልሄድም ብላ በባዝራዋ ሄደች፤ መቀመጫ ዱካዋን ከኮርቻው ጀርባ በጠፍር አስራ። አግዳሚ ወንበር ገና ስላልተሠራ ሁሉም ሰው መቀመጫውን ይዞ ነበር የመጣው። ከሩቅ መንደር የመጡ ስኮቶች ሁሉ አሉ፤ ጥቁር ልብስ፣ የታጠበ ሕፃን፣ የበግ ሽታ። ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉ አፈር ነው። ቤት ነው ግን፤ ጣራ አለው።

ማርሳሊ መሬት መሬቱን እያየች ገባችና ተቀመጠች። መዝሙሩ ተጀመረ። መሪው አንዱን ስንኝ ብቻውን ያወጣል፤ ሕዝቡ ከኋላው እንደ ማዕበል ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ይወድቃል። ለዚህ ድምፅ ዕድሜዋን ሙሉ ጸልያለች። አሁን ግን አፏ አልከፈት አላት። ምክንያቱም ሸተታት። ከሰው ትንፋሽ ሙቀት የተነሳ፣ ከላይ፣ ዝፍት ሸተታት።

ቀና አለች።

ኖራ ቀብተውታል። ዝፍቱ ግን በነጩ ኖራ ውስጥ እንደ ላብ ነጠብጣብ ሆኖ ወጥቷል። ቀለበቱም አለ፣ በቦታው። ከቀለበቱ ላይ አዲስ የነሐስ ፋኖስ አንጠልጥለዋል።

መዝሙሩ ሲያበቃ ሰባኪው ሙርዶን ጠሩት፤ ወጋግራውን የሰጠ ሰው ስለ ቤተሰቡ ይመስክር አሉ። ሙርዶ ፋኖሱ ሥር ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እናቴ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፣» ብሎ ጀመረ። «መጀመሪያ የሰማችው የመጥረቢያ ድምፅ ነው።»

ወጋግራው እንዴት እንደተቆረጠ ተናገረ። ገንፎው ጋ ድምፁን ዝቅ አደረገ። አያትየው ጋ ሲደርስ መሐረቦች ወጡ፤ ግሪዝልም አወጣች። እሱ ራሱ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ የውነት እንባ ነው። ማርሳሊን ያንገበገባት ይኸው ነው፤ ቢዋሽ በተሻላት።

«ጣራችን በላያችን የፈረሰብን ሰዎች፣» አለ ሙርዶ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ «ዛሬ ለአምላካችን ጣራ አቆምን! እናቴ እዚሁ አለች። በዓይኗ ያየችውን ራሷ ትንገራችሁ።»

ጭንቅላት ሁሉ ወደሷ ዞረ። አንዲት ሴት «ይንገሩን፣ እማማ ማርሳሊ» ስትል ሹክ አለች።

ተነሳች። ቁጣዋ ከአፏ ወርዶ እግሯ ውስጥ ገባ። ጎንበስ ብላ ዱካዋን አነሳች፤ ብብቷ ሥር አደረገችው። በሰዎቹ መሃል፣ ቀሚስና ጉልበት እየገፋች፣ ወደ በሩ ሄደች።

«እማዬ?» አለ ሙርዶ።

ባዝራዋን ፈታች። ዱካዋን ከኮርቻው ጀርባ አሰረች፤ ጠፍሩን ሁለቴ አጠበቀችው። ከውስጥ አንድ ሰው ዝምታውን ለመሸፈን መዝሙር አነሳ፤ ጥቂቶች ተከተሉት። ሙርዶ በሩ ላይ ወጥቶ ቆመ፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ፀሐዩ ዓይኑን እየወጋው።

«ወዴት ነው? እማዬ! ምን ልበላቸው?»

ማርሳሊ ኮርቻው ላይ ወጥታ ተቀመጠች። የባዝራዋን ራስ ወደ ደቡብ መለሰች፤ የጋሪው መንኮራኩር ያስተኛው ሣር ገና ሙሉ በሙሉ ወዳልተነሳበት።