ባለ አርባ እግሯ ጎጆ፣ ክፍል ሁለት

ጎባ ላይ የካርቱን ፊልም ተሠራ ቢባል ዛሬም የሚያምን የለም፤ ያኔም አልነበረም። ግን ተሠርቷል፤ ያውም ሁለት። የመጀመሪያው አምስት ደቂቃ የማይሞላ፣ ድምፅ የሌለው ፊልም ነበር። አንዲት ጎጆ የክፉ ንጉሥ ግብር አንገሽግሿት፣ ማንንም ሳትሰናበት ብድግ ብላ ሳነቴ ተራራ ላይ ትወጣለች፤ ታሪኩ ይኸው ነው። ሮቤና ጎባ ባሉ ትምህርት ቤቶች እየዞረ ታየ፤ ልጆች ቅርጫት እየደፉ «ጎጆ፣ ጎጆ» ሲጫወቱ ከረሙ። ሥራው የሲምቦ ነበር።

ሲምቦ የትምህርት መርጃ መሣሪያ በሚዘጋጅበት ክፍል የባቄላ ሥርና የሰው አንጀት ስትሥል የኖረች ሴት ናት። ምላሷ ቁጥብ፣ እርሳሷ ለፍላፊ ይሏታል። ጎጆዋን ያገኘቻት ከደቦ ነው። ባላገር ቤት ሲቀይር ጣራውን አያፈርስም፤ ጎረቤት ጠርቶ ያሸክመዋል እንጂ። ሃያ ወንድ ከሣር ክዳኑ ሥር ይገባል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው የሚባል የለም፤ በአርባ እግር የምትሄድ ጎጆ ብቻ ትታያለች። ሲምቦ ይህን በልጅነቷ አይታ ሳትረሳው አደገች።

ፊልሙ ከምን እንደተሠራ የሚያውቁት እሷና ጋሽ ዲኖ ብቻ ነበሩ። ጋሽ ዲኖ የፊልም ማሳያ መኪና ሠራተኛ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ የስድስት ልጆች አባት፣ ያረጀ ካሜራ ጠግኖ የሚያነቃ ሰው። ሥዕሎቹ የተሣሉት አገልግሎቱን ጨርሶ በተጣለ የራጅ ፊልም ላይ ነው። ዲኖ በበረኪና ሲያጥበው ጥቁሩ ተገፎ እንደ መስተዋት ይጠራል። አንዳንዱን ግን ሲምቦ አታሳጥበውም ነበር። ሕዝቡ የሐሬና ጫካ ነው ብሎ ያጨበጨበለት ያ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ የሰው ጎድን አጥንት ነው። ማን ያውቃል፣ ካጨበጨቡት መሃል የገዛ ደረቱን ያየ ይኖር ይሆናል። ጉሙ ደግሞ መስተዋት ላይ በወንፊት የተነፋ የሮቤ ስንዴ ዱቄት ነው። አንድ ሥዕል አስቀምጠው ካሜራውን አንዴ ጠቅ፣ አንሥተው ሌላ አስቀምጠው ጠቅ፤ እንዲህ እየተባለ ወራት ያልቃል።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ክረምት የክፍለ ሀገሩ ካድሬ ጓድ ፀጋዬ ክፍሉ ድረስ መጣ። ሰውየው መጥፎ ፊት አልነበረውም፤ መጥፎው ነገር ሁሉን አውቃለሁ ባይነቱ ነው።

«ጓዲት ሲምቦ፣ ጎጆሽ ክፍል ሁለት ያስፈልጋታል» አላት። «በአንደኛው ተራራ ላይ ብቻዋን ቀርታለች። ይኼ ግለኝነት ነው። በሁለተኛው በገዛ ፈቃዷ ትወርዳለች፤ አዲሱ መንደር ገብታ ከጓደኞቿ ጋር ሰልፍ ትይዛለች። ለመስከረም በዓል ሮቤ አዳራሽ ውስጥ ይታያል።»

«በገዛ ፈቃዷ?» አለች ሲምቦ።

«በደስታ!»

ከሁለት ወር በፊት የሲምቦ እናት የሰንበቴ ቤት ከሪራ መንደር በላይ ካለው ጥግ በመንደር ምሥረታው ተነሥቶ ነበር። ያን ጊዜም ከጣራው ሥር ሃያ ወንድ ነበረበት፤ ልዩነቱ ደቦውን የጠራው ጠብመንጃ መሆኑ ነው። ሴትዮዋ አብልታ አጠጥታ ያልሸኘችው ተሸካሚ፣ ዘፈን የሌለው ሸክም። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ጣራው ተሰበረ። ሰንበቴን በገመድና በካስማ በተለካ መሥመር ላይ፣ አሥራ ሰባተኛ ቁጥር ብለው አስቀመጧት። የንብ ቀፎዎቿ እላይ ጫካው ውስጥ ቀሩ።

ሲምቦ እሺ አለች። እምቢ ብትል እስር ነው፤ እሷ ብትታሰር ደግሞ ሌላ ሰው ይሥለዋል። የሰው አንጀት ስትሥል የኖረች ሴት ይህን ለመገመት ካድሬ አያስፈልጋትም። በሳምንቱ እናቷን ልትጠይቅ ስትሄድ ግን ወሬው ቀድሟት ደርሶ ነበር።

«የኔን ቤት ልትሥዪው ነው አሉ» አለቻት ሰንበቴ፣ ተቀመጪ ሳትላት።

«የማንም ቤት አይደለም፣ አዮ። የካርቱን ጎጆ ናት።»

«አርባ እግር ያላት የኔ ናት። ስትሄድ ያየሽው የኔን ነው።» ሰንበቴ የልጇን እጅ ይዛ ገለበጠችው፤ ጣቶቹ ላይ ቀለም ነበር። «በጠብመንጃ አስነሡኝ፤ እሱን እችለዋለሁ፤ ዕድሜ ልኬን ስችል ኖሬያለሁ። በደስታ ሄደች ብሎ ያንቺ እጅ ከጻፈ ግን፣ ሲምቦ፣ ከእንግዲህ እዚህ ቤት በዚህ እጅ እህል አትቆርሺም።»

ሲምቦ ሳነቴን አቋርጣ ጎባ እስክትደርስ በመኪናው መስኮት ውጭ ውጭውን ስታይ አለቀሰች። ንዴት ነበር፤ በእናቷም፣ በካድሬውም፣ በራሷም።

ሥራው ተጀመረ። ጓድ ፀጋዬ በየዓርቡ እየመጣ እያንዳንዱን ሥዕል ለብርሃን ከፍ አድርጎ ያያል፤ የወደደውን ጥጉ ላይ ማኅተም ይመታበታል። ማኅተም ያልተመታበት ሥዕል ካሜራ ፊት አይቀርብም። ከጎጆዋ ፊት ኮፍያ ያደረገ መሪ ይሂድ አለ፤ ሲምቦ ሣለች። ጀርባውን ለጎጆዋ ሰጥቶ፣ ወደ አዲሱ መንደር እየጠቆመ የሚራመድ ሰው። ካድሬው ሲያየው ፊቱ ተለወጠ።

«መሪ ለሕዝብ ጀርባውን አይሰጥም! አዙሪው። ፊቱ ወደ ጎጆዋ ይሁን፣ እጁን ወደ እሷ ይዘርጋ። ነይ፣ ነይ እያለ።»

«እንዲያ ከሆነ የኋሊት ሊሄድ ነው።»

«ይሂድ።»

ሁለት መቶ ሥዕል ተፍቆ እንደገና ተሣለ። የጎጆዋ እግሮች ግን አልተነኩም፤ ሲምቦ ጣት መሣል ስለሚሰለቻት ከመጀመሪያው ጀምሮ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ውስጥ ነክራቸው ነበር። የባሌ ክረምት ነው፣ ማንም አይጠይቅም።

የመጨረሻው ማኅተም በተመታ ማግሥት ሥዕሎቹን ለካሜራ ስትደረድር ክምሩ ከእጇ አምልጦ ወደቀ። ለቅማ ጠርዙን አስተካክላ፣ ሥዕሉ የሚንቀሳቀስ መሆኑን ለማየት ሁልጊዜ እንደምታደርገው በአውራ ጣቷ አርገፈገፈችው። ክምሩ ተገልብጦ ኖሮ መጨረሻው ላይ ያለው ሥዕል ቀድሞ መጣ። ጎጆዋ ከመንደሩ ሰልፍ ውስጥ ተነሣች። ክብ ጎጆ ፊትና ኋላ የላትም፤ ጭቃ ውስጥ ያለ እግርም ወዴት እንደሚራመድ አያስታውቅም። ሽቅብ ወደ ተራራው ስትሄድ ቀጥ ብላ የምትሄድ ትመስላለች። ኮፍያ ያደረገው ሰውዬ ደግሞ ፊቱን ወደ እሷ አድርጎ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ከኋላዋ ይሮጣል። ቆይ፣ ቆይ እያለ።

ሲምቦ ደጋግማ አርገፈገፈችው። ከዚያ በሩን ዘጋችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ጋሽ ዲኖ ካሜራውን ተክሎ «ክፍል ሁለት» የሚለውን ጽሑፍ አነሣ። ቀጥሎ ያቀረበችለትን ሥዕል ሲያይ መነጽሩን ገፋ አደረገ።

«ልጄ፣ ከመጨረሻው ነው የጀመርሽው።»

«አውቃለሁ፣ ጋሽ ዲኖ። ቢጠየቁ ግን እርስዎ አያውቁም።»

ዲኖ ሥዕሉን አየ፣ እሷን አየ፣ ጥጉ ላይ ያለውን ማኅተም አየ። «ያ ረቢ» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያም ጠቅ አደረገ።

ፊልሙ ለእጥበት በአውቶቡስ አዲስ አበባ ተላከ፤ የተመለሰው በበዓሉ ጠዋት ነው። አስቀድመን እንየው ያለ ሰው ነበር፤ ጓድ ፀጋዬ ግን «እያንዳንዱን ሥዕል በእጄ አይቻለሁ፣ ምኑን አየዋለሁ?» ብሎ መለሰው።

ሮቤ አዳራሽ መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፍነው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጨለመ። ከየመንደሩ በጭነት መኪና የመጣ ሕዝብ ታጭቋል፤ ሰንበቴም ከሪራ ሰዎች ጋር ኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ሲምቦ የእናቷን ነጠላ ከሩቅ አይታ ፊት ካሉት ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጠች። ፊልሙ ድምፅ ስለሌለው ትረካውን የሚያነበው ራሱ ጓድ ፀጋዬ ነው። ድምፅ ማጉያውን ባንድ እጁ፣ የእጅ ባትሪውን በሌላው ይዞ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ።

«ክፍል ሁለት» የሚለው ታየ። ፕሮጀክተሩን የያዘው ዲኖ ማሳየቱን ቀጠለ።

«ጎጆዋ በተራራው ላይ ብቸኝነት አስመረራት» አነበበ ጓድ ፀጋዬ። ሸራው ላይ ጎጆዋ ከተሰለፉት ቤቶች መሃል ቆማ ነበር። ድንገት አርባ እግሯን ከጭቃው ነቀለች።

«በገዛ ፈቃዷም ጉዞ ጀመረች!» ጎጆዋ ሰልፉን ጥላ ወጣች። ከፊት ያሉ ልጆች ጮኹ። «ቆራጡ መሪ ፊት ፊቷ እየመራ…» ኮፍያ ያደረገው ሰውዬ እጁን ዘርግቶ ከኋላ ከኋላ ሮጠ፤ አንዲት ሴት «አይደርስባትም!» አለች፤ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ጓድ ፀጋዬ ሳቁን የደስታ መስሎት ድምፁን ከፍ አደረገ። «እነሆ፣ በደስታ ወደ አዲሱ ኑሮዋ ትገሰግሳለች!»

ጎጆዋ በጎድን አጥንቱ ጫካ ውስጥ ስታልፍ ሳቁ ቆመ። የዱቄቱ ጉም ውስጥ ገባች፣ ወጣች፣ የቀድሞ ቦታዋ ላይ ደርሳ ቁጭ አለች። ሰውዬው ታች ቀርቷል። ከሪራ ሰዎች በኩል አንድ ሽማግሌ «ኤዬ፣ ኤዬ»፣ አዎ፣ አዎ፣ እያለ ሲያለቅስ ተሰማ። ጓድ ፀጋዬ ቀና ያለው ያን ጊዜ ነው።

ብርድ ልብሱ ከመስኮቱ ተገፈፈ። ካድሬው የሕዝቡን ፊት አየ፣ ከዚያ ፕሮጀክተሩ አጠገብ ወደቆመው ዲኖ ዞረ።

«ፊልሙ ተገልብጦ ነው የገባው! ጓዶች፣ ያያችሁት ትክክለኛው አይደለም። ይህ ሰውዬ ወይ ሰክሯል፣ ወይ አሻጥር ሠርቷል!»

አሻጥር የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ሰው ይበላ ነበር። ሲምቦ ዝም ብትል ነገሩ በስህተት ሊያልፍ ይችል ነበር፤ ዲኖ ጥቂት ይገረፍ፣ ደመወዙ ይቆረጥ፣ ጎጆዋም በስህተት ቤቷ የገባች ትሁን። በስህተት! ይህ ነው ያንገበገባት።

«አልተገለበጠም» አለች ተነሥታ። «ተገልብጦ ቢሆን ‹ክፍል ሁለት› የሚለው መጨረሻ ላይ ይመጣ ነበር። ጋሽ ዲኖ የሰጠሁትን ነው ያሳዩት፤ አያውቁም። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እንዲህ እንዲሆን ብዬ ነው የሠራሁት።»

«እኔ ያላየሁት ሥዕል አስገባሽ!»

«አንድም አላስገባሁም። እያንዳንዱ ላይ የእርስዎ ማኅተም አለ፣ ይቁጠሩት። ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው የኔ።»

«ለምን?» አለ ጓድ ፀጋዬ፤ እውነትም የማያውቅ ይመስል ነበር።

«የእናቴ ቤት በደስታ አልሄደማ!» አለች። ድምፅ ማጉያ አላስፈለጋትም። «ጠብመንጃ ነው የወሰደው። ውሸቱን በኔ እጅ አታስጽፉትም!»

ሰንበቴ ከግድግዳው ተላቅቃ በሰው መሃል መጣች። ሁሉም መንገድ ለቀቀላት። አላቀፈቻትም፤ ቀለም ያለበትን እጇን ሳብ አድርጋ አንዴ ሳመችውና ለካድሬው ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ከኋላ አንድ ጎረምሳ «ይደገም!» አለ። «ይደገም!» አሉ ሌሎች። መስኮቱ አጠገብ የነበሩት ብርድ ልብሱን መልሰው ሰቀሉት፤ ማን እንደጀመረው በጨለማው አልታየም። ዲኖ ማንንም ሳይጠይቅ ፊልሙን ይጠቀልል ጀመር።

ሲምቦን ክንዷን ይዞ ያወጣት የአብዮት ጠባቂው ቀነዓ ነበር። በዓሉን ሙሉ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ በር ሲጠብቅ የዋለ፣ የነሱው የሪራ አካባቢ ልጅ ነው። ጭቃውን እየረገጡ ወደ ፖሊስ ጣቢያው መንገድ ገቡ። ከአዳራሹ ሳቅ ፈነዳ፤ ሸራው ላይ ሰውዬው መሮጥ ጀምሯል ማለት ነው። ከዚያ ጸጥ አለ። ቀነዓ ቆመ፤ እጁም ክንዷ ላይ ላላ።

«እኔ አላየሁትም» አላት ዙሪያውን ገልመጥ አድርጎ። «ገልቴ?» ቤቷ ገባች ወይ ማለቱ ነው።

«ገልቴ» አለችው ሲምቦ።

ቀነዓ ራሱን ነቀነቀ፤ ክንዷን ግን መልሶ አልያዘም። ጣቢያው ድረስ ጎን ለጎን ሄዱ።