የአውራ ጣት ቦታ

ደግሞስ ምን ይለየዋል፣ መሪ መሪ ነው፣ ወደ ግራ ብታዞረው ወደ ግራ ይሄዳል፣ ፍሬን ሲረግጡት ይቆማል፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ደባርቅ ላይ፣ በገዛ ጌም ቤቱ፣ ከጎንደር ተሸክሞ ባመጣው የፕላስቲክ መሪ ልደቱ ይግዛውን የቀደመ ወንድ አልተገኘም፣ የጃፓኑን መንገድ፣ የጀርመኑን መንገድ፣ በዝናብ ቢሉት በበረዶ፣ በሰዓት ሁለት መቶ ስልሳ እየበረረ ቡና የሚጠጣ ሰው ነው፣ ታዲያ ይቺ አሮጌ ፒካፕ በአርባ ስትሄድ መዳፉን ምን አላበው?

አልቦታል። ሱሪው ላይ ይጠርገዋል፣ ተመልሶ ያልበዋል።

አባቱ አጠገቡ ተቀምጠዋል፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ ጭናቸው ላይ ታኮዋን አስቀምጠው። ከወይራ የተጠረበች፣ መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ጎማ ስር የምትወሸቅ ታኮ፣ ሠላሳ ዓመት በጭነት መኪና አብራቸው የዞረች፣ ስኳሩ ዓይናቸውን ሲወስደው መኪናውን ሸጡ፣ ታኮዋን ግን እምቢ፣ ዛሬ ጠዋት እንኳ ቤቱ በለቅሶ ሲናጥ ታኮዬን አቀብሉኝ ብለው ቁጭ፣ ለቀብር የሚሄድ ሰው ታኮ ምን ሊያደርግለት፣ እርጅና ነው፣ ይሁን፣ ይያዙ።

እህታቸው ናት የሞተችው፣ አክስቱ የሺወርቅ፣ አዲ አርቃይ፣ ቀብሩ ስድስት ሰዓት ላይ። የማለዳው አውቶቡስ ሄዷል፣ ሁለተኛው እስኪሞላ ንቅንቅ አይልም፣ ጎረቤታቸው ዘመነ መኪናዬ ይኸው አለ፣ ሾፌሬ ግን ጃናሞራ ክርስትና ሄዷል አለ፣ ያን ጊዜ አባቱ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ልጄ አለ አይደል እንዴ፣ ጎንደር ስድስት ወር ታክሲ የነዳ ልጅ እያለኝ ሾፌር ልለምን?

ስድስት ወር ታክሲ። ወይኔ ልደቱ።

ታክሲ ነዳሁ ማለት ምን አስፈለገው፣ ጎንደር ስድስት ወር የቆየው ሰው ጌም ቤት ተቀጥሮ እኮ ነው፣ ግን የይግዛው ልጅ፣ ሊማሊሞን እንደ ጓሮው የሚያውቀው የይግዛው ልጅ፣ ጎንደር ሄዶ ጌም ያስጫውታል ይባል? መንጃ ፈቃዱ እውነት ነው፣ ማንም አልሰጠውም፣ ተምሮ ነው ያመጣው፣ ሦስት ሳምንት ሜዳ ላይ፣ አስተማሪው እግር ስር ሌላ ፍሬን ባለበት መኪና፣ ከዚያ ወዲህ እውነተኛ መሪ የነካው አራት ጊዜ፣ አምስት ቢባል። ሰው ፊት አፉን ሊከፍት ፈልጎ ነበር፣ አባባ እኔ እኮ፣ ብሎ። ዘመነ ቁልፉን መዳፉ ላይ ጣል አደረገለት፣ በቃ፣ አፉ ተዘጋ።

ደባርቅ ከኋላ ቀርታለች። ጉሙ ከገደሉ ስር እየወጣ መንገዱን ይልሰዋል፣ ጌሙ ላይም ጉም አለ፣ የዚያ ጉም ግን አይበርድም፣ እዚህ በመስኮቱ ክፍተት ገብቶ አንገት ስር ይቀመጣል። አንድ ዣንጥላ ብቅ አለች፣ ቀይ፣ ከስሯ ቄስ፣ በክንዳቸው የማርያም ስዕል፣ ስለ እመብርሃን፣ ስለ እመብርሃን፣ ሾፌር ሁሉ የሊማሊሞን ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት እዚህ ይቆማል፣ ሳንቲም ይጥላል፣ ይሳለማል፣ ወርዶ ጎማውን በእጁ ይዳስሳል፣ ልደቱ ያውቃል፣ ልጅ ሆኖ ከአባቱ ጋር ሲወርድ አንድም ቀን ሳይቆሙ አልፈው አያውቁም፣ ግን አሁን ቢቆም በኋላ እንደገና ማስነሳት አለ፣ ሞተሩ ቢጠፋበትስ፣ አባቱ እየሰሙ ሁለቴ ሦስቴ ቢጠፋበትስ፣ እና ደግሞ ሰዓቱ፣ ቀብሩ፣ አለፈ። ዣንጥላዋ በመስታወቱ ውስጥ ትንሽ ሆነች።

ማርያምን አለፍናት?

ሰው የለም ዛሬ አባባ፣ ጉም ነው።

እሺ ልጄ።

ውሸት በውሸት ላይ፣ ለዓይነ ስውር መዋሸት ደግሞ እንዴት ይቀላል፣ ኧረ ያሳፍራል፣ ስትመለስ ብር ትጥልላቸዋለህ፣ ሁለት እጥፍ፣ ተሳልኩ፣ አሁን መንገድህን እይ። የመጀመሪያው መጠምዘዣ። ፍሬን፣ መሪ፣ ልቀቅ። አየህ! ምንም አይደለም እኮ። ሁለተኛው። ፍሬን፣ መሪ፣ ልቀቅ፣ ጌም ላይ ፍሬን ዘግይቶ የረገጠ ነው የሚያሸንፈው፣ ሌላው ሁሉ ፈርቶ ሲይዝ አንተ ትለቃለህ፣ ከዚያ በመጨረሻዋ ቅጽበት ጥርቅም፣ ታዳጊው፣ አዋቂው፣ የጤና ጣቢያው ነርስ ሳይቀር ከጀርባው ቆሞ ያጨበጭብለታል።

ቁልቁል ማየት የለበትም። ያያል። ገደሉ ዝም ብሎ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፣ ከታች፣ በጣም ከታች፣ ራሱ የሚሄድበት መንገድ እንደ ተጣለ መቀነት ተጥመልምሎ ይታያል፣ ጌሙም ገደል አለው፣ ስንት ጊዜ ገብቶበታል፣ መስታወቱ ይሰነጠቃል፣ ሰማይና ምድር ይገለባበጣል፣ ከዚያ በአውራ ጣቱ መሪው ላይ ያለችውን ቁልፍ ጫን፣ ሁሉ ነገር ከመነሻው፣ መስታወቱ ሙሉ፣ መኪናው አዲስ፣ ማንም አልሞተም። አውራ ጣቱ አሁንም እዚያው ቦታ ላይ ናት፣ በቀኝ በኩል፣ ባዶውን የመሪ ላስቲክ በጥፍሯ ቀጭ ቀጭ ታደርጋለች፣ አንሳት፣ ያነሳታል፣ ተመልሳ ትሄዳለች።

ጥሩንባ። እግዚኦ! ከጉሙ ውስጥ አይሱዙ፣ አፍንጫው ዳገቱን እየቆፈረ፣ ጭነቱ ወደ እነሱ ያዘነበለ፣ ማን ነው የሚለቅ፣ ወራጁ ነው ወይስ ወጪው፣ ጌም ላይ ከፊት የሚመጣ መኪና የለም እኮ፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ነው የሚሮጥ፣ ፍሬን፣ ፍሬን፣ ፍሬን፣ አለፈ፣ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ምን አለ፣ ለወጪ ይለቀቃል አንተ ደንቆሮ፣ አለ። አባቱም ሰምተዋል። ምንም አላሉም። ታኮዋን በሁለት እጃቸው ያዙ እንጂ።

ስድብ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። እሳቸው ዝም ሲሉ አይወድም፣ ቤት ውስጥ ዝም አይሉም፣ ጌም ቤቱና መኝታቸው በአንድ የጭቃ ግድግዳ ነው የተከፈለ፣ ቀኑን ሙሉ የሚጮኸውን ሞተር ያዳምጣሉ፣ አንዳንዴ ግድግዳውን በከዘራ ደብደብ አድርገው፣ ዘግይተሃል! ማርሽ ቀንስ! ይላሉ፣ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል፣ አንድ ቀን ብቻ ሳይስቁ፣ ልጄ፣ ይሄ ሞተርህ ለምንድነው የማይሞቅ፣ ከጠዋት ይሮጣል፣ ድምፁ ያው ነው፣ የሚሞቅ ነገር ካልሰማህ መቼ ልትፈራ ነው፣ አሉት። ምን ይላሉ እሳቸው ደግሞ፣ ብሎ አለፈው።

ስድስተኛው መጠምዘዣ። ሰባተኛው። ፍሬን። ምን ይሸታል?

የሆነ ነገር ይሸታል፣ እንደ ተቃጠለ ጨርቅ፣ ከውጭ ይሆናል፣ እረኞች ምናምን አቃጥለው፣ በዚህ ጉም ማን እሳት ያነዳል፣ ፍሬን ረገጠ፣ ፔዳሏ ላላ ብላ ወረደች፣ እንደ ላመ ሊጥ፣ መኪናዋ ግን ሐሳቧን አልለወጠችም። ደግሞ ረገጠ። እስከ ወለሉ። አይ። አይ አይ አይ። አርባ አምስት። ሃምሳ። አውራ ጣቱ ቀጭ ቀጭ ቀጭ።

ልደቱ።

አቤት አባባ።

የፍሬን ሸራ ነው የሚሸተው። ስንተኛ ማርሽ ነህ?

ሦስተኛ።

ከላይ ጀምሮ በሦስተኛ? ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ አልቆጣህም፣ መኪና ስንት ጊዜ ነድተሃል?

መጠምዘዣው እየመጣ ነው፣ ጉም፣ ከጉሙ ጀርባ ምንም፣ ምንም የለም፣ አምስት ጊዜ፣ አለ፣ ድምፁ የሌላ ሰው ነው፣ አምስት ጊዜ አባባ፣ ታክሲ አልነዳሁም፣ ማርያምም ጋ ቄሱ ነበሩ፣ አላቆምኩም፣ ይቅር ይበሉኝ።

አውቃለሁ፣ ሰማኋቸው እኮ፣ ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ መች ታመመ። እንባህን ጥረግና ፍሪሲዮን እርገጥ። እርገጥ! ነዳጅ ስጥ።

ነዳጅ? እየበረርን?

ስጥ አልኩህ ይግዛው ይሙት!

ሰጠ። የአባቱ እጅ በእጁ ላይ መጣች፣ ሻካራ፣ ከባድ፣ ካምቢዮውን ከነመዳፉ ጨብጣ ወደ ታች ሳበችው፣ ብረት ከብረት ተናከሰ፣ ገባ፣ ሁለተኛ፣ ሞተሩ እንደሚታረድ ከብት ጮኸ፣ ሰውነቱ ወደ ፊት ተወረወረ፣ ይሄ ነው፣ ይሄ ነው ጌሙ የሌለው፣ መኪናው አንጀት ውስጥ የሚሳብ ነገር፣ ወንበሩ ይናገራል፣ በዓይንህ አይደለም የሚነዳ በቂጥህ ነው፣ አሉ አባቱ፣ ስማው፣ ያዘህ? ያዘኝ አባባ። ተራራው በየት በኩል ነው? በግራ። አስጠጋው፣ አትፍራ፣ የዘመነ ቆርቆሮ ይላጥ፣ እጅ ፍሬኑን በጥቂት በጥቂቱ፣ አትንጨው፣ በጥቂት በጥቂቱ። ድንጋዩ የግራውን ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ ገሸለጠው፣ መስታወቱ ተገንጥሎ ሄደ፣ አንድ ነገር ከስር ተሰበረ። ቆመች።

ቆመች። አፍንጫዋ ቁልቁል፣ በሩ ከተራራው ጋር ተጣብቆ፣ ከፊት ጎማዋ ጢስ እየወጣ። እጁ እጅ ፍሬኑን ይዛለች፣ መኪናዋ ደግሞ ትንፋሽ በምታህል፣ በአንዲት ጥፍር፣ ወደ ታች ሸርተት አለች። ተሰማው። በቂጡ።

አባባ፣ ታኮዋን ያምጡ፣ በእርስዎ በኩል ልውረድ።

አንተ አትወርድም።

አያዩም እኮ! ገደሉ አምስት እርምጃ ነው!

ፍሬኑን ያዝ ነው የምልህ፣ እንዳትለቅ፣ አንተ አትወርድም። በሩን ከፈቱ፣ ብርዱ ገባ፣ ጋቢያቸውን ወንበሩ ላይ ጥለው፣ በአንድ እጃቸው የመኪናውን ጎን እየዳሰሱ ሄዱ፣ በመስታወቱ ነጭ ራሳቸው ብቻ ይታየዋል፣ ወደ ቀኝ አንድ እርምጃ ቢስቱ፣ አትይ፣ እጅህን ያዝ፣ ሁለት እጅህን፣ አጎነበሱ፣ አሁን ጠፉ፣ አሁን ከጎማው ፊት ናቸው፣ ሁለመናቸው ከጎማው ፊት ነው፣ የእጅ ፍሬኑ ዘንግ በላብ ትንሸራተታለች፣ እመብርሃን አንቺ ታውቂያለሽ፣ ዣንጥላሽን አለፍኩ፣ በእኔ አድርጊው፣ ቶሎ ይበሉ አባባ፣ ምነው ዘገዩ፣ ወይራዋ ድንጋይ ስትመታ ሰማ፣ ጠቅ፣ ደግሞ ጠቅ። መኪናዋ ተደገፈች።

ተመልሰው ገቡ። እጃቸው በጥቁር ቅባት ተለውሷል። የጋለው ብረት ከስር ቲክ ቲክ ይላል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ አሉ አባቱ። ስማቸው የሚባለውን ልጅ ታውቀዋለህ?

የድሮ ረዳታቸው። ሊማሊሞ ላይ ታኮ ተንሸራትቶበት ሞተ ይላል ሰው፣ አባቱ ግን ስሙን አንስተው አያውቁም፣ ዛሬ ነው።

ታኮዋ አልተንሸራተተችም። ከአንድ ሾፌር ጋር ዛሪማ ማን ቀድሞ ይደርሳል ተባብለን ነበር፣ ማርያምን ሳንቆም አለፍናት፣ ፍሬኑ ግሎ እምቢ አለኝ፣ እንደ ምንም ተራራው ላይ አስደገፍኩት፣ ዝለል አልኩት፣ ዘለለ፣ ልክ እንዲህ አጎነበሰ። ጥቂት የቀረችውን ፍሬን ረግጬ ይዤለት ነበር፣ የእኔ እግር ነው ከላይዋ የተንሸራተተ፣ መኪናው ሄደበት። ለእናቱ ግን ታኮዋ ናት አልኩ። በለቅሶው ቀን ይቺን ታኮ ይዤ ቆሜ፣ እሷ ናት አልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት።

አሁን ገባው ለልደቱ፣ ታኮዋን ለምን እንዳልሸጧት ገባው። ታዲያ ከላይ ጀምረው ካወቁ፣ ውሸቴን ካወቁ፣ ለምን ዝም አሉኝ አባባ?

ለእህቴ ቀብር ልድረስ ብዬ ቸኮልኩ። አየህ፣ ዛሬም ቸኮልኩ።

ጉሙ መጥቶ መስታወቱን ሸፈነው። ከታች ገና ብዙ መጠምዘዣ አለ፣ ፍሬን የለም፣ ከላይ ደግሞ ጥሩንባ የሚመስል ነገር፣ ሩቅ፣ እየወረደ ነው ወይስ እየወጣ፣ በዚህ ጉም ያየናል?

ምንድነው እሱ ቀጭ ቀጭ የሚል፣ አሉ አባቱ።

አውራ ጣቱ። አፈረ። ምንም አይደለም፣ ጌሙ ላይ እዚህ ቦታ ቁልፍ አለች፣ ገደል ስትገባ ትጫናታለህ፣ ሁሉም ከመነሻው ይጀምራል፣ የሞተ የለም፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ቅባት የነካው የአባቱ እጅ በአየሩ ላይ መሪውን ፈለገች፣ አገኘችው፣ ክቡን እየዳሰሰች መጣች፣ የቱ ጋ ነው፣ አሉ፣ አሳየኝ እስቲ። የአባቱን አውራ ጣት ይዞ ቦታዋ ላይ አስቀመጠላቸው። ተጫኑ። አልለቀቁም፣ ዓይናቸውን ጉሙ ላይ አቅንተው፣ ተጭነው ይጠብቃሉ።