ጴንጤው ጸበል ሲወጣ

ዳልጮ ሚስቱን ጌጤን በጋቢ አዝሎ ከምዕራብ ዓባያ ወደ ደጋው ሲወጣ ያየው ሁሉ ይገረም ነበር። ዳልጮ ጴንጤ ነው። የደርግ ካድሬዎች ጸሎት ቤታቸውን ካሸጉ ወዲህ፣ በሰው ቤት ተደብቆ ሲጸልይ ተይዞ ታስሮ ወጥቷል። በጸበል ግን አያምንም።

ጌጤ የኦርቶዶክስ ልጅ ናት፤ እሱን የተከተለችው ለትዳሯ ብላ ነው። ክፉኛ ካተኮሳት በኋላ እግሮቿ ደንዝዘው ከዷት። ሐኪሞች የቻሉትን አደረጉ፤ የጸሎት ቤቱ ወንድሞችም እጅ ጭነው ጸለዩላት። በመጨረሻ «ማርያም ጸበል ውሰደኝ» አለችው። ቀኑን ሙሉ አኩርፎ ዋለና በማግስቱ አዘላት።

ኬላው ላይ አንድ የአብዮት ጥበቃ አስቆማቸው። «ወዴት ነው?»

«ጸበል።»

«አንተ ጴንጤው አይደለህ እንዴ?» ሳቀበት። «ስብሰባ እያለ ምን ጸበል አለ? ተመለስ!»

ዳልጮ አልተሟገተም፤ ተመለሰ። ከዓይን እንደራቀ ግን ገደል ገደሉን በሚሄደው ቀጭን መንገድ ሽቅብ ተያያዘው።

«ብንወድቅስ?» አለች ጌጤ።

«አጥብቀሽ ያዢኝ።»

ጸበሉ ጋ ሲደርሱ ጌጤን ከጀርባው አወረዳት። አጥማቂው ቄስ «ጫማህን አውልቀህ ግባ» አሉት።

«እኔ አልገባም አባ። እዚሁ ሆኜ በራሴ ጸሎት እጸልያለሁ።»

ቄሱ ትክ ብለው አዩት። «ታዲያ ከጸሎት ማን ከለከለህ?» አሉና ጌጤን በሴቶች አስደግፈው አስገቧት።

ቀዝቃዛው ውሃ ሲወርድባት ጮኸች። ዳልጮ የጸበሉን አጥር ሊዘል ሲል «እዚያው ቁም! እንዳትመጣ!» አለችው ከውስጥ። ቆመ።

ስንቃቸው ቶሎ አለቀ። ዳልጮ ለአካባቢው ገበሬዎች ገብስ እያረመ ድንችና ቆጮ ያገኝ ጀመር። ክረምቱ ሳይጠና ውረድ ሲሉት «ሳትቆም አንወርድም» ይላል።

አንድ ጠዋት ከጸበሉ አውጥተው መሬት ላይ ሲያስቀምጧት፣ ጌጤ ድንገት እግሯን ሰብሰብ አደረገች። «ዳልጮ፣ ጠጠሩ ቆረቆረኝ!»

ጠጠሩን አነሳና መልሶ ከእግሯ ሥር አደረገው። «እስቲ ድገሚው» አለ፣ እንባው እየወረደ።

ክረምቱ ሲያበቃ ጌጤ በምርኩዝ እየተራመደች ወረደች፤ ግራ እግሯ ብቻ እንደተጎተተ ቀረ። ወሬውን የሰሙት ወንድሞች ዳልጮን ጠርተው «ንስሐ ግባ» አሉት።

«ለሌላው ኃጢአቴ እገባለሁ» አለ ከመቀመጫው እየተነሳ። «ለዚህ ግን አልገባም።»