ግማሽ ዙር

የአጎታቸው አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ሞተሯ ተከፍቶ፣ ተጠግኖና ተመልሶ ከተገጠመ በኋላ አልነሣም ብላ ጋራዡ መሐል ተገትራለች። ሁለቱ ወንድማማቾች ግራና ቀኟን ይዘው ቆመዋል። በመካከላቸው ያለው ሞተሩ ብቻ ነው፤ ሆኖም ከአባታቸው በወረሱት በዚያ ጋራዥ አንድ ጣሪያ ሥር እየዋሉ ስምንት ወር ሙሉ ቃል አልተለዋወጡም።

የጠቡ መነሻ ታናሹ ጠግኖ የሸኛት አንዲት መኪና በሦስተኛው ቀን ተጎትታ መመለሷ ነበር። ታላቁ በደንበኛ ፊት «እጅህ አይታመንም» አለው፤ ታናሹም ከዚያች ቀን ጀምሮ «ጋሼ» ማለቱን ተወ። ከዚያ ወዲህ ታናሹ ሲመሽ አጥብቆት የሄደውን ብሎን ታላቁ ጎሕ ሲቀድ መጥቶ ይፈታዋል፤ ፈትቶም በራሱ እጅ መልሶ ያጠብቀዋል። ይህንንም ለራሱ ትጋት ብሎ ይጠራዋል።

ዛሬ ጠዋትም እንዲሁ አድርጓል። እንዲያውም አንድ ጥፋት አግኝቶ አርሟል፤ ፖምፓው፣ ማለትም ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ክፍል፣ ከቦታው ግማሽ ዙር ስቶ አግኝቶት አስተካክሎታል። ይህን ግኝት ለማንም አልተናገረም። መኪናዋ ስትነሣ በአጎታቸው ፊት አውጥቶ ወንድሙን ሊያሳፍርበት ቋጥሮ ይዞታል። መኪናዋ ግን አልተነሣችም፤ እሱም ሌላ ጥፋት አለ ብሎ ደመደመና ወኔው ይበልጥ ተቀሰቀሰ።

«አጎቴ፣ እርስዎ ምስክር ይሁኑኝ» አለ። «መኪናዋ ያልተነሣችው በእሱ ጥፋት ከሆነ ዛሬውኑ መፍቻውን ሰብስቦ ይውጣ። አባቴ የሠራውን ስም የሚያጠፋ እዚህ አይኖርም።»

ታናሹ ፊቱን ሳያዞር «አጎቴ፣ ያን ሰውዬ ይጠይቁልኝ» አለ። «ጥፋቱ የራሱ ከሆነስ?»

«እኔ እወጣለሁ ይበሉት።»

«እኔ የስልክ ሽቦ ነኝ እንዴ?» አሉ አጎታቸው፣ ከመሪው ኋላ እንደተቀመጡ። «እግዜር ምላስ የሰጣችሁ ለምንድን ነው? ሰምቻለሁ፤ ቃላችሁን ይዣለሁ። አሁን መኪናዬን አስነሡልኝ።»

ቁልፉን አዞሩት። ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ፈጠን ብሎ አጓራ፣ ሞተሩም ተሽከረከረ፤ ግን አልያዘም።

«ባትሪው ደህና ነው» አለ ታላቁ። «የእሱን ሥራ እንመርምር። አየር አስገብቶበት ይሆናል፤ ልማዱ ነው።»

 ታናሹ በናፍጣው ቧንቧ ጫፍ ያለችውን ብሎን ላላ አደረገና ቁልፉን እንዲያዞሩ ለአጎታቸው አመለከተ። ናፍጣው አረፋ የሌለበት ንጹሕ ሆኖ ተፈናጠረ፤ የታላቁንም ሸሚዝ አረጠበው።

«አየር የለም ይበሉት» አለ ታናሹ። «ካላመነ ሸሚዙን ይጭመቅ።»

አጎታቸው ሣቁ። ታላቁ ጥርሱን ነከሰ። ቀጥሎ ማሞቂያ ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ ፈተነ፤ አራቱም ይግላሉ። ከናፍጣ ማጣሪያው ጀምሮ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በጣቱ ዳሰሰ፤ የላላ አላገኘም። ሾፌሮች በቀልድ «ሊቀ መፍቻ» የሚሉት በከንቱ አልነበረም፤ ሞተር ሲመረምር አንድም ነገር አይዘልም። እንዲህ እየመረመረ በሄደ ቁጥር ግን ወንድሙን የሚከስበት ነገር አንድ በአንድ ከእጁ ወጣ።

«ደጋግመው ያዙሩት» አለ ታናሹ፣ ወደ መኪናዋ ኋላ እየሄደ።

ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ እየተንጎለጎለ ወጣ። ታናሹ መዳፉን ደቀነበትና አሸተተው። ፊቱ ልውጥ አለ።

«ናፍጣው ሳይቃጠል እየወጣ ነው። መድረሱን ይደርሳል፤ ግን ያለ ሰዓቱ ነው። ፖምፓው ነው።»

ታላቁ በቆመበት ደረቀ።

የሞተሩ ዋና ዘንግ ሁለት ጊዜ ሲዞር ፖምፓው የሚዞረው አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ የዘንጉ ምልክት ሁለት ጊዜ ከቦታው ይደርሳል፤ ትክክለኛው ግን አንደኛው ብቻ ነው። የትኛው እንደሆነ ለመለየት የላይኛውን ክዳን ከፍቶ ማየት ግድ ይላል። ይህን ሕግ በዚያ ጋራዥ ለሠራ ሁሉ ሃያ ዓመት የሰበከው ታላቁ ራሱ ነው። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ግን ምልክቱ በተሳሳተው ዙር ላይ ቆሞ ፖምፓው ግማሽ ዙር የራቀ በመሰለው ጊዜ ልቡ በደስታ ዘለለች፤ ክዳኑንም አልከፈተም። እውነትን ሳይሆን ጥፋትን ሊፈልግ መጥቶ ነበርና የፈለገውን አገኘ። ወንድሙ በትክክል የገጠመውን ፈትቶ ያበላሸው እሱ ራሱ ነበር።

«ፖምፓውን ማን ገጠመው?» አሉ አጎታቸው።

«እኔ» አለ ታናሹ።

«ከአንተ ሌላ የነካው አለ?»

«እኔ የማውቀው የለም።» ፖምፓውን አየና «ምልክቱን ሁለቴ አይቼ ነበር። ተሳስቼ ይሆናል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ።

አንዲት ሰበብ አልጨመረም። ወደ ጠረጴዛው ሄዶ መፍቻዎቹን እየጠረገ ቦርሳው ውስጥ ይከት ጀመር።

«ምነው አፍህ ተለጎመ፣ ሊቀ መፍቻ?» አሉ አጎታቸው። «ይኸው፣ ረታህ!»

ታላቁ ዝም ቢል ይበቃው ነበር። ነገሩን የሚያውቅ ከእሱ በቀር የለም፤ ስምንት ወር የተመኘውም የወንድሙ መውጣት ይኸው እየሆነለት ነው። ወንድሙ ሦስተኛውን መፍቻ፣ ከዚያም አራተኛውን ሲጠርግ አየ። ያልበደለው ሰው በደሉን ተሸክሞለት ሲወጣ ቆሞ ማየት አቃተው፤ ስላቃተውም ተናደደ።

«ተው!» ብሎ ጮኸ። «ነክቼዋለሁ!»

«ምን አለ ያ ሰውዬ?» አለ ታናሹ ሳይዞር።

«አጎቴ፣ እንዳይነግሩት፤ ጆሮ አለው! ጠዋት መጥቼ ፖምፓውን አዞርኩት አልኩ። ክዳኑን ሳልከፍት! ሰማህ?»

ታናሹ ቀስ ብሎ ዞረ። አንዲት አጭር፣ ደረቅ ሣቅ ሣቀ።

«ክዳኑን ሳትከፍት! አንተ!» ሣቁ ጠፋ። «ባለፈው ወር የተመለሱት ሁለቱስ? የነጩ ቫን ፍሬን? በሰው ፊት ስሜን ያጠፋህባቸው?»

«የቫኑን ነክቼው ነበር። ሌላውን አላስታውስም።»

«አታስታውስም!»

አጎታቸው ከመኪናው ወረዱ። «በሉ ልጆቼ፣ የአንድ እናት ልጆች ናችሁ። በንዴት የወጣ ቃል ነው፤ ይቅር ተባባሉ።»

«በንዴት የወጣ አይደለም፣ አጎቴ» አለ ታናሹ። ከዚያም ስምንት ወር ሙሉ ያላየውን ፊት ትኩር ብሎ አየው። «ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ቢሆን ይቅር ትለኝ ነበር?»

ታላቁ ሊዋሽ ይችል ነበር።

«አልልህም ነበር» አለ።

«እንግዲያስ።»

ታናሹ የሞተሩን የላይኛውን ክዳን ይፈታ ጀመር። ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ አላየም። ታላቁ እጁን ታጠበ፣ የሥራ ልብሱን አወለቀ፣ ንጹሕ ሸሚዙን ለበሰ። የሚሠራው ሁሉ ረጅም ጊዜ ወሰደበት፤ የሚያቆየው ሰው ግን አልነበረም። የጫማውን ክር ሲያስር ሞተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣ፤ ድምፁም ያለ እንከን ጸና።

የግቢውን በር ሲወጣ አንድ እንግዳ የጭነት መኪና ሾፌር አስቆመው።

«ወንድም፣ የጋራዡ ባለቤት አለ?»

«አለ። ውስጥ ነው።»

«ሰውዬው ይታመናል?»

ሊመልስለት አፉን ከፈተ። የሚለው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ እሱም እንደ እሬት መረረው።

«ይታመናል» አለና መንገዱን ቀጠለ።