የጋሽ አስፋቸው የማይነካ ሠንጠረዥ

1.

«አይነካም!»

2.

ይህን ያለው አስፋቸው ነው፤ አዳማ ውስጥ ድረ ገጽ ሲሠራ አሥራ ስድስት ዓመት የሆነው። የማይነካው ነገር ቅርስ እንዳይመስልህ፣ አንባቢ። ቴምፕሌት ነው፤ ስም ብቻ እየተቀየረ ለሆቴሉም፣ ለክሊኒኩም፣ ለማኅበሩም የሚሸጥ አንድ ንድፍ። ጽሑፉም ቅጹም በማይታይ ሠንጠረዥ ውስጥ ተሰክቷል። እንዲህ መሥራት ከቀረ ቆይቷል። አስፋቸው ጋ አልቀረም።

3.

የሥራ ባልደረባው ረድኤት፣ ድረ ገጽ ለማንኛውም ተጠቃሚ እንዲመች ስለሚያዘው አዲሱ ስታንዳርድ ስታነሳ ያገኘቻቸው መልሶች፦

መስከረም፦ «ከመስቀል በኋላ።»
ጥር፦ «ከጥምቀት በኋላ።»
ሚያዝያ፦ «በየጊዜው አዲስ ይወጣል፤ የቱን ልከተል?»
ሰኔ፦ «ረድኤትዬ፣ ምሳ በላሽ?»

4.

ሐምሌ ላይ መምህር ኡርጌሳ ቢሮ ድረስ መጡ። ዓይነ ስውር ናቸው፤ ስልካቸው ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። በመምህራን ማኅበሩ ድረ ገጽ ለክረምት ሥልጠና ለመመዝገብ ሦስት ቀን ታግለዋል። ምዝገባው ነገ ይዘጋል።

«የሠሩት እርስዎ ነዎት አሉ» አሉት። «እስቲ ዓይንዎን ይጨፍኑና አብረን እንስማው።»

ጨፈነ።

5.

ስልኩ፦ ሠንጠረዥ። ስም። የአባት ስም። ስልክ። ባዶ ሳጥን። ባዶ ሳጥን። ባዶ ሳጥን። ምስል። ሠንጠረዥ በሠንጠረዥ ውስጥ።

መምህር ኡርጌሳ፦ ስሜን የቱ ላይ ልጻፍ?

አስፋቸው፦ የመጀመሪያው ላይ... መሰለኝ።

መምህር ኡርጌሳ፦ እሱ ላይ ስጽፍ «ስልክ ቁጥርዎ ትክክል አይደለም» አለኝ።

ረድኤት፦ (ሳቋን ዋጠች።)

6.

አስፋቸው ዓይኑን ሲገልጥ ግንባሩን አልቦታል።

«ይንገሩኝ፤ እኔ ልሙላልዎ።»

«ስሜንማ መጻፍ እችላለሁ» አሉ መምህሩ። «እንደ እኔ ያሉ ሦስት ባልደረቦች አሉኝ። ሁላችንም እዚህ እየመጣን ልንሞላ ነው?»

7.

አፈረሰው።

8.

ትልቅ ንግግር ጠብቀህ ከሆነ የለም። «እስቲ ያንን ያልሽውን አሳዪኝ» ብቻ ነው ያላት። ረድኤት «ብዬህ ነበር» አላለችም፤ ፊቷ ግን ብሏል። ሠንጠረዡ ወጣ። እያንዳንዱ ሳጥን ከነስሙ ተያያዘ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መምህር ኡርጌሳ በገዛ ጣታቸው ተመዘገቡ፤ ወዲያው ለሦስቱም ደወሉላቸው።

9.

አሁን የቀሩት ምስሎቹ ናቸው። በስታንዳርዱ መሠረት እያንዳንዱ ምስል ለማያየው ሰው በጽሑፍ ይገለጻል። ከገጹ ግርጌ የሠሪው የአስፋቸው ፎቶ አለ፤ ፀጉር በነበረው ዘመን የተነሳው። አስፋቸው ጉሮሮውን ጠርጎ ጻፈ። ስልኩ አነበበ፦

«ወጣት ባለሙያ።»

ረድኤት አሳላት።

«ምነው?» አሉ መምህሩ። «ጋሽ አስፋቸው ምን ይመስላሉ? አንቺ ንገሪኝ እንጂ።»

የአስፋቸው ጣት «ወጣት»ን አጠፋ። ቀጥሎ «ባለሙያ»ንም። ረድኤት ፎቶውን ትታ ሰውየውን አየችው፤ ኪቦርዱንም ወደ ራሷ ሳበች።

የምስሉ መግለጫ፦ «ፀጉሩ የሳሳ ባለሙያ፤ ዓይኑን ጨፍኖ መስማት የጀመረ።»