ከንፈር ግጥም፣ ጥርስ ፈታ

ልብስ ሰፊዋ አራት መቀስ ነበራት፤ ክር የምትበጥሰው ግን በጥርሷ ነው። ስፌቱ ሲያስቸግራት ደግሞ ጥርሷን ግጥም አድርጋ ትነክሳለች። ሃያ ዓመት እንዲህ ሠርታ፣ አንድ ቀን ቁርስ ላይ ዳቦ ስትገምጥ ከግራ ጆሮዋ ሥር «ቋ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ታናሽ ወንድሟ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ምን ተሰበረ?»

«መንጋጋዬ መሰለኝ» አለች ጉንጯን ይዛ።

ሳምንት ሳይሞላ አፏ አልከፈት አለ። ማዛጋት እንኳ ፈተና ሆነባት። ወሬ ነፍሷ የሆነች ሴት በ«እህ» ብቻ ስትመልስላቸው፣ ደንበኞቿ የተቀየመቻቸው መሰላቸው። ወንድሟ ጎትቶ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ጥርሷም አጥንቷም ደህና ነው ተባለ፤ የታወከው መገጣጠሚያውና ጡንቻው ነበር። ስለዚህ ወደ ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም ወደ አካል እንቅስቃሴ ሕክምና ክፍል፣ ተላከች። የክፍሉ ባለሙያ በጣቶቿ ከጆሮዋ ፊት ለፊት እየዳሰሰች አፏን ስታስከፍታትና ስታስዘጋት ቆየች።

«እህቴ፣ ጥርስሽ የሚገናኘው ስትበዪ ብቻ ይሁን። ሌላ ጊዜ ከንፈር ግጥም፣ ጥርስ ፈታ! ክሩንም ለመቀሱ ተዪለት።»

ከዚያ የቤት ሥራ ሰጠቻት። በሞቀ ውኃ የተነከረ ፎጣ አሥር ደቂቃ ጉንጯ ላይ ታደርጋለች። ቀጥሎ የምላሷን ጫፍ ላንቃዋ ላይ አስደግፋ፣ መስታወት እያየች፣ አገጯ ወደ ጎን ሳይሸሽ አፏን በቀስታ ስድስት ጊዜ ትከፍታለች፤ ትዘጋለች። «ካመመሽ እዚያው ላይ አቁሚ። ግብግብ አይደለም» አለቻት።

ወንድሟ የስፖርት መምህር ነው። በማግስቱ ጠዋት ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አጠገቧ ቆመ።

«አንድ! ሁለት! አገጭ ወደ ቀኝ አመለጠ፣ መልሺው!»

«አንተ ልጅ፣ አታስቀኝ! ስስቅ ነው የሚብስብኝ» ብላ ፊሽካውን ቀማችው።

ከዚያ ወዲያ ብቻዋን፣ ሱቋ ውስጥ ባለው ትልቅ መስታወት ፊት ትሠራ ጀመር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ምላሷን ሰቅላ፣ አፏን ከፍታ ሳለ፣ ከኋላዋ የአንድ ሰው ፊት መስታወቱ ውስጥ ብቅ አለ። የችሎት ካባቸው ሆዳቸው ላይ ጠቦባቸው ሊያሰፉ የመጡ ዳኛ ናቸው።

«ምነው፣ ሆዴ ይህን ያህል ያስደነግጣል?» አሉ።

«ኧረ እኔን ያድርገኝ! መንጋጋዬን አሞኝ ነው» ብላ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው።

ዳኛው በሩን ገፋ አድርገው ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የእኔም ቋ ይላል። ችሎት ላይ እንዳልስቅ ጥርሴን ነክሼ ነው የምውለው። ትናንት አንዱ ከሳሽ በቀቀን ለምስክርነት ይዞ መጣ፤ ጎረቤቴ ሲሰድበኝ ሰምታለች ብሎ።»

«መሰከረች?»

«ምን ትመሰክራለች! እኔኑ ሰደበችኝ እንጂ።»

ልብስ ሰፊዋ አልቻለችም፤ ግድግዳ ተደግፋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ድንገት ቀጥ አለችና ጉንጯን ዳበሰች።

«አላመመኝም!»

ዳኛው ወዲያው መስታወቱ ፊት ቆመው ምላሳቸውን ሊሰቅሉ ሲሉ ክንዳቸውን ያዘቻቸው። «ቆይ ጌታዬ፣ መጀመሪያ ባለሙያዋ ትይዎት። የእርስዎ ሌላ ሊሆን ይችላል።»

ሄዱ፤ ታዩ፤ እሳቸውም የቤት ሥራ ተሰጣቸው። በወሩ የእሷ አፍ እንደልቡ ይከፈት ጀመር፤ ድምፁ አልፎ አልፎ ቢሰማም ሕመሙ ጠፍቷል። ዳኛው ደግሞ አሁን ሳቅ ሲመጣባቸው ጥርሳቸውን አይነክሱም አሉ፤ «አምስት ደቂቃ ዕረፍት» ብለው ወደ ጓዳ ይገባሉ፤ ሳቃቸው ግን በሩን አልፎ ይሰማል።